ፍላሽ፣ 5.3 ማይልና የበረባሶ ጫማ

«ፍላሽ» የሚለው ቃል በአገራችን ሁለት ነገር ይጠራበታል። አንዱ ተማሪ ሁሉ በአንገቱ ወይም በቁልፍ መያዣው ላይ የሚያንጠለጥለው የመረጃ መያዣ ነው። ሁለተኛው ቀይ ልብስ ለብሶ፣ መብረቅ እየተከተለው የሚሮጠው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጀግና ነው። እኛ ሁለተኛውን ያገኘነው በመጀመሪያው ላይ ተጭኖ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ደምበጫ ከእኅታችን ቤት ለዕረፍት ሰንብተን ነበር። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላቋረጠም፤ መብራት ጠፍቷል፤ የበቆሎ እሸት በከሰል ላይ ይጠበሳል። የእኅታችን ልጅ 10ኛ ክፍልን አጠናቆ በመስከረም ወደ 11ኛ የሚያልፍ ነበርና፣ በእነዚያ ቀናት የቤቱ ዋነኛ ጉዳይ የተፈጥሮ ሳይንስ ይምረጥ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ነበር። አባቱ አንድ ነገር ይላል፤ እናቱ ሌላ ትላለች፤ ልጁ ግን ዝም። ያን ዕለት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሆኖ ፍላሹን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ ላፕቶፕዎ ባትሪ አለው? አንድ ክፍል አብረውን ይዩ፤ ፊዚክስ አለበት» አለን።

«ዘ ፍላሽ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ ሲ ደብልዩ በተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2023 በ9 ምዕራፎች ተላልፏል። ጀግናው ባሪ አለን በሥዕላዊ መጽሔት ላይ የተወለደው ግን እጅግ ቀደም ብሎ፣ በ1956 ነው። ሰውየው በሙያው የፖሊስ ፎረንሲክ ባለሙያ ሲሆን፣ አንድ የቅንጣት ማፋጠኛ መሣሪያ ፈንድቶ በመብረቅ ከተመታ በኋላ ዓይን የማይከተለው ሯጭ ይሆናል። ይህን ያህሉ ተረት ነው፤ ተረትም ለተረትነቱ የሚከፈለው ዋጋ አለና አንከራከረውም። እኛን የማረከን ሌላ ነገር ነበር። በጀግናው ዙሪያ አንድ መሐንዲስና አንዲት የባዮሎጂ ሊቅ ተቀምጠው ያሰላሉ፤ ችግሩ በጡንቻ ከመፈታቱ በፊት በሰሌዳ ላይ ይፈተሻል። በሁለተኛው ክፍል ላይ ጀግናው ራሱን ስቶ ይወድቅና ምክንያቱ ሲመረመር የሚበላው ምግብ ለሩጫው ሳይበቃው መቅረቱ ይታወቃል። የጉልበት አለመጥፋት ሕግ በልዕለ ኃያላን ድራማ ውስጥ እንዲህ ሲከበር ማየት ለፊዚክስ መምህር ትንሽ ደስታ አይደለም።

ያን ቀን ያየነው የመጀመሪያው ምዕራፍ ስድስተኛ ክፍል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 18 ቀን 2014 ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው። ባላንጣው ቶኒ ውድዋርድ ይባላል። በልጅነቱ ባሪን በትምህርት ቤት ሲደበድበው የኖረ ጉልበተኛ ሲሆን፣ ያ ፍንዳታ በደረሰ ጊዜ በቀለጠ ብረት ውስጥ ወድቆ ሰውነቱን ወደ ብረት መለወጥ የሚችል ሆኖ ይወጣል። ጀግናው በጡጫ ቢመታው ብረት ነው፤ የሚጎዳው መቺው ነው። ይህ እጅግ የሚያምር የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ብረትን በምን ታሸንፈዋለህ? በሙቀት? በማግኔት? ብረትን ደጋግሞ በማጠፍና በማዛል? ልጆቹ በቆሏቸውን ትተው ይጠብቃሉ። እኛም እንደነሱ ጠበቅን።

መልሱ «በጣም ሮጠህ ምታው» የሚል ሆኖ ተገኘ። ሲስኮ የተባለው መሐንዲስ ጀግናው በሰዓት 837 ማይል፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት 1.1 እጥፍ በሆነ ፍጥነት ቢመታው ብረቱ እንደሚሸነፍ፣ ለዚህም ከ5.3 ማይል ርቀት ላይ መንደርደር እንዳለበት ይናገራል። ይሮጣል፤ ይመታል፤ አለቀ። ቁጥሮቹ ከየት መጡ? ማንም አይጠይቅም። ምን አስከተሉ? ማንም አያይም። በቀደሙት ክፍሎች የለመድነው ሰሌዳ እዚህ ላይ የጠንቋይ ድግምት ሆኖ ቀረ፤ ቃሉ ይነገራል፣ ነገሩ ይሆናል።

ፊልሙ ሲያልቅ የእኅታችን ልጅ አንድ ደብተር አወጣ። ሁለቱን ቁጥሮች ጽፎ ከሥራቸው አስምሮባቸዋል። «ጋሼ፣ ስሌቱ ልክ ነው?» አለን። እኛም በብስጭት፣ ምንም ሳናሰላ፣ «ልጄ፣ ይህ ተረት ነው፤ ለተረት ስሌት የለውም» ብለን መለስን። ደብተሩን ዘጋውና ወደ ጓደኞቹ ሄደ።

ሌሊቱን የተደረገ ስሌት

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለን። ጥያቄውን ያቀረበልን ተማሪ በአዳራሽ ውስጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አንመልስለትም ነበር። ደግሞስ እኛ ራሳችን ያላየነውን ስሌት «የለም» ማለታችን ሲስኮ ያላሳየውን ስሌት «አለ» ከማለቱ በምን ይለያል? ባትሪ አብርተን ወረቀት አወጣን። እውነቱን ለመናገር የተነሣነው ቁጥሩን ለማሽሟጠጥ ነበር።

በሰዓት 837 ማይል ማለት በሰከንድ 374 ሜትር ነው። አየሩ 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛልና፣ 1.1 እጥፍ መባሉ ትክክል ነው። 5.3 ማይል ደግሞ 8.53 ኪሎ ሜትር ነው። እንግዲህ አንድ ሯጭ ከቆመበት ተነሥቶ፣ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በእኩል መጠን እየጨመረ፣ በ8.53 ኪሎ ሜትር መጨረሻ ላይ በሰከንድ 374 ሜትር ለመድረስ ምን ያህል ሽምጠት ያስፈልገዋል? በክፍል ውስጥ አክሰለሬሽን የምንለውን ማለታችን ነው። የ9ኛ ክፍል ቀመር ይበቃል፤ የመጨረሻው ፍጥነት ካሬ ለርቀቱ ሁለት እጥፍ ሲካፈል። ውጤቱ በሰከንድ ካሬ 8.2 ሜትር ሆነ።

እዚህ ላይ እርሳሳችንን አስቀመጥን። የመሬት ስበት ሽምጠት 9.8 ነው። 8.2ን ለ9.8 ብናካፍል 0.84 እናገኛለን። አንድ ሯጭ ራሱን ወደፊት የሚገፋው መሬቱን ወደ ኋላ በመግፋት ነው፤ የመግፋቱም ልክ የሚወሰነው በጫማውና በመንገዱ መካከል ባለው ሰበቃ ነው። ሰበቃው ከሚሰጠው በላይ ቢገፋ እግሩ ይንሸራተታል። ይህ ልክ በሰበቃ ኮኤፊሸንት ይገለጻል። የጎማ ሶል በደረቅ አስፋልት ላይ ያለው ኮኤፊሸንትም ከ0.7 እስከ 0.9 አካባቢ ነው። እንግዲህ ለድካም የማይበገርና አየር የማያግደው ሯጭ፣ ጎማ ጫማ አድርጎ በደረቅ አስፋልት ላይ ሳይንሸራተት ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ የሚያስፈልገው አጭሩ መንደርደሪያ ስምንት ኪሎ ሜጥር ተኩል ገደማ ነው። ሲስኮ ቁጥሩን ከዚህ አግኝቶት ይሁን በአጋጣሚ፣ 5.3 ማይል ልክ ነው። ጊዜውም 46 ሰከንድ ያህል ይሆናል።

ቁጥሩ ይበልጥ ያበሳጨን ይህን ካወቅን በኋላ ነው። በእጃቸው እንዲህ ያለ ዕንቁ ይዘው አላሳዩትም! ሲስኮ አንድ ጫማ አንሥቶ ሶሉን ቢያሳየን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር፣ በዓለም ዙሪያ ስንት ተማሪ ሰበቃ የሚያግድ ብቻ ሳይሆን የሚያስሮጥም መሆኑን በተረዳ ነበር።

«የአየር ተቃውሞ ቸል ይባል»

ከላይ «አየር የማያግደው» ያልነውን አንባቢ አልፎት እንዳይሄድ። የፊዚክስ ፈተናዎቻችን ሁሉ በዚህች ሐረግ ይጀምራሉ። እኛም ራሳችን በየዓመቱ እንጽፋታለን። ሲስኮም ሳይጽፋት ተጠቅሞባታል።

አየር ቸል የሚባለው ቀስ ሲሉ ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2004 ሄንግሎ ላይ 5,000 ሜትርን በ12 ደቂቃ ከ37.35 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.6 ሜትር ነበር። በዚያ ፍጥነት አየር አንድን ሯጭ የሚገታበት ኃይል ወደ 13 ኒውተን ነው፤ በእጅ የተያዘ 1.3 ኪሎ ግራም ዕቃ ክብደት ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሪከርድ የሚሮጥ አትሌት ከአሯሯጮች ኋላ ተጠልሎ የሚሮጠው ይህችኑ ለመሸሽ ነው። ያ ሪከርድ 16 ዓመት ቆይቶ በ2020 ሞናኮ ላይ በኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ሲሰበር ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር።

የአየር ተቃውሞ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ፍጥነቱ ከቀነኒሳ 57 እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ከ3,000 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲቃረቡ ደግሞ አየሩ ገለል የሚልበት ጊዜ ስለሚያጣ ከዚህም ይብሳል። ደምበጫ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና አየሯ ሳሳ ያለ ነው፤ ከባሕር ዳርቻ አየር አምስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ይህን ቅናሽ ለጀግናው ሰጥተነው፣ ከደምበጫ ወደ ጅጋ በሚወስደው አስፋልት ላይ እናስሩጠው። በ374 ሜትር በሰከንድ የሚገታው ኃይል ወደ 46,000 ኒውተን ይደርሳል። ክብደቱን 75 ኪሎ ግራም ብንል፣ ይህ ከገዛ ክብደቱ 60 እጥፍ በላይ ነው። ጫማው የሚሰጠው ግፊት ግን የክብደቱን 0.84 ያህል ብቻ ነው! ልዩነቱን ለመሙላት አስፋልቱ ሙጫ መሆን አለበት።

ታዲያ በጫማ የሚሮጥ ሰው፣ ጡንቻው ምንም ያህል ቢበረታ፣ እስከ ምን ድረስ ሊፈጥን ይችላል? የጫማው ግፊትና የአየሩ ተቃውሞ እኩል እስከሚሆኑበት ድረስ ነው። ለደምበጫ አየር ያገኘነው በሰከንድ 50 ሜትር ገደማ፣ ማለትም በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር ነው። ይህ ቁጥር ዣንጥላውን ሳይዘረጋ ከአውሮፕላን የሚወርድ ሰው ከሚደርስበት የመጨረሻ ፍጥነት ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ አይደለም። የሚወርደውን ሰው የሚስበው ክብደቱ ነው፤ ሯጩንም ወደፊት የሚገፋው ከክብደቱ የሚገኘው ሰበቃ ነው። አየሩ ለሁለቱም አንድ ነው።

የሚያስፈልገውንም አቅም እንመልከት። 46,000 ኒውተንን በሰከንድ 374 ሜትር ፍጥነት ለመግፋት 17 ሜጋ ዋት ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ የተተከለው አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ነበር። አንድ ሯጭ፣ አንድ ማመንጫ አይበቃውም። የሙቀቱ ነገር ደግሞ ይገርማል። በዚያ ፍጥነት ከፊቱ ተጨቁኖ የሚቆመው አየር ወደ 90 ዲግሪ ይሞቃል። በደምበጫ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ጀግናው አፍንጫውን ሊፈላ ጥቂት በቀረው ጀበና ውስጥ ነክሮ ይሮጣል ማለት ነው።

ብረቱስ?

ከሁሉ የከፋው ግን የጡጫው ጉዳይ ነው። ከድምፅ ፍጥነት በላይ መሆን በብረት ላይ ምን ሥልጣን አለው? ምንም። 343 ሜትር በሰከንድ የአየር ድምፅ ፍጥነት ነው። በብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,900 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ለብረቱ የጀግናው ፍጥነት ከድምፅ 6 በመቶ ብቻ ነው። የጠመንጃ ጥይት እንኳ ከፍላሽ በእጥፍ ገደማ ይፈጥናል። «1.1 እጥፍ» የተመረጠው ለጆሮ ስለሚያምር ነው ብንል ጸሐፊዎቹን አንበድላቸውም።

ጉልበቱን ካየን ደግሞ ሌላ አስደናቂ ነገር አለ። 75 ኪሎ ግራም በሰከንድ 374 ሜትር ሲጓዝ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ጉልበት 5.2 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ይህ ወደ ምግብ ሲመነዘር 1,250 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ ጎልማሳ በቀን ከሚመገበው ግማሽ ያህሉ ነው። አንድ ጥሩ ምሳና መክሰስ! ጉልበት በራሱ አስፈሪ አይደለም፤ የሚያስፈራው የሚለቀቅበት ጊዜ ነው። ያን ምሳ ገበሬው እስከ ምሽት ያርስበታል። ጀግናው ግን በክንዱ ርዝመት፣ በግማሽ ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ጊዜው ሦስት ሺሕኛ ሰከንድ አይሞላም። አማካዩ ኃይል 10 ሚሊዮን ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ እያንዳንዳቸው 40 ቶን የሚመዝኑ 25 ከባድ መኪኖች ተደራርበው በአንድ ጡጫ ላይ ቢቀመጡ ማለት ነው። ኒውተንም ሦስተኛውን ሕግ ሲጽፍ ለጀግና የተለየ አንቀጽ አላበጀም። ብረቱ የተቀበለውን ያህል እጁም ይቀበላል፤ እጁ ደግሞ አጥንት ነው። በድራማው ውስጥ አጥንቱ ሊደቅ እንደሚችል በአንድ አፍታ ይነገርና ይታለፋል፤ ፈጥኖ የሚድን ሰውነት አለዋ!

በዚያ ክፍል ውስጥ ሦስተኛው ሕግ በትክክል የተከበረላት አንዲት ሰው አለች። ኃይል የሌላት፣ ተራዋ አይሪስ ናት። ቶኒ ከወደቀበት ሊነሣ ሲል በቡጢ ትመታዋለች፤ ከዚያም እጇን የሰበረች ያህል ያማታል። እኛ ከአርባ ደቂቃው ሁሉ የወደድነው ያንን አፍታ ነው፤ ልጆቹም የሳቁት እዚያ ላይ ነው። በነገራችን ላይ በአገራችን «ጀምበር» የተሰኘው ባለ ሥዕል የልዕለ ኃያል መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 መታተም ጀምሯል። እዚህ አገር ጀግና የሚስሉ ወጣቶች ኒውተንን እንዲህ ባለው ተራ ሰው እጅ ላይ ቢያሳዩን ደስ ይለናል።

በማግሥቱ ጠዋት

ጎሕ ሲቀድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። የእኅታችንን ልጅ ጠርተን፣ «ትናንት ሳላሰላ ነው የመለስኩልህ፤ አጥፍቻለሁ» አልነው። ልጁ ከማፈሩ የተነሣ ምን እንደሚመልስ ጠፋው። ወረቀቱን አሳየነው። 0.84 ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይህ ቁጥር እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ። መጽሐፍ ላይ አለ ልንለው ከጀለን፤ ነገር ግን ከትናንቱ መልስ ብዙም አይሻልም ነበር።

ሰበቃን ለመለካት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ዕቃውን በአንድ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጦ ጠፍጣፋውን ቀስ በቀስ ከአንድ ወገን ማንሣት ይበቃል። ዕቃው መንሸራተት በሚጀምርበት ማዕዘን ላይ ታንጀንቱን መውሰድ ነው፤ ያ ራሱ ኮኤፊሸንቱ ነው። ክብደቱ ከስሌቱ ይሰረዛል። አስፋልት ማንሣት ስለማይቻል ከግንባታ የተረፈ ሻካራ የሲሚንቶ ንጣፍ ከጓሮ አገኘን፤ ፕሮትራክተሩ የልጁ ነው። ጫማው ግን የማን ይሁን? መጀመሪያ የታናሽ እኅቱን ኮንጎ ጫማ አመጣ። ላስቲኩ ደርቆ የለሰለሰ ነበርና በ27 ዲግሪ ላይ ተንሸራተተ፤ ታንጀንቱ 0.51። ሦስት ጊዜ ደግመን አንድ ዲግሪ ብቻ ነው የተለዋወጠው። ቀጥሎ የአባቱን በረባሶ አመጣ። በረባሶ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ መሆኑን የጎጃም አንባቢ ከእኛ በላይ ያውቃል። ንጣፉ 30 ዲግሪ አለፈ፤ 35 አለፈ፤ በረባሶው አልነቃነቅ አለ። የጎረቤት ልጆች ከበቡን። በ39 ዲግሪ ላይ ለቀቀ። ታንጀንቱ 0.81።

ልጁ በዚያ በዘጋው ደብተር ላይ ማካፈል ጀመረ። አየር ቸል ከተባለ፣ በኮንጎ ጫማ ጀግናው 14 ኪሎ ሜትር መንደርደር አለበት። በበረባሶ ግን 8.8 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል።

«ስለዚህ በበረባሶ ከሆነ» አለ፣ «ሲስኮ ካለው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ኋላ ይበል።»

ከጓደኞቹ አንዱ፣ «ትናንት ግን አስፋልቱ እርጥብ ነበር» አለው።

የእኅታችን ልጅ ንጣፉን መሬት ላይ አጋደመና በጣሳ ውኃ ሊቀዳ ወደ ቤት ሮጠ።